«መዳረሻ ተከልክሏል»፦ አሮጌ የሥርዓት ዲስኮችን ስናጸዳ የሚነሣው የባለቤትነት ጥያቄ

ሰመራ ላይ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት የተደረገበት።



የዛሬው ርእሴ በመጀመሪያ ሲሰማ የቴክኒሻን ጉዳይ ይመስላል። ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር የወጣን ዲስክ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ታገናኛላችሁ፤ ያለፈበትን ነገር ጠርጋችሁ ቦታውን ልታስለቅቁ ትፈልጋላችሁ፤ ማሽኑ ግን «መዳረሻ ተከልክሏል» ይላችኋል። ዲስኩ በእጃችሁ ነው፣ ኮምፒውተሩ የእናንተ ነው፣ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል አላችሁ፤ ሆኖም ፈቃድ የላችሁም። ይህን ክልከላ ማለፍ የሚቻልበትን መንገድ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ጋር ግን ክልከላው ማንን ወክሎ እንደሚናገር መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ባለፉት ሁለት ዓመታት በእጃችን ካለፉት ዲስኮች የተማርኩት ከሁሉ በላይ ይህን ነው።

በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ በበረታ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተነሣ። መሥሪያ ቤቶችም ዕቃቸውን አወጡ። በአዋሽ ሰባት ኪሎ የሚገኝ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከግድግዳ ሥር ያወጣቸውን አሮጌ ኮምፒውተሮች ዲስኮች በካርቶን አድርጎ ወደ እኛ ላከ። ዐሥራ አንድ ነበሩ። ካርቶኑ በገዋኔና በሚሌ በኩል ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በጭነት መኪና ተጉዞ ነው የደረሰው። አብሮት የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር፦ «ጸድተው ለድጋሚ አገልግሎት እንዲመለሱልን።» አራቱ ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ የቀሩት ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ናቸው። ማይክሮሶፍት ለመጀመሪያው የሚሰጠውን ድጋፍ ያቋረጠው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014፣ ለሁለተኛው ደግሞ ጥር 14 ቀን 2020 ነው። እንግዲህ የመጡልን በሕግ ቋንቋ እንደምንለው ሞግዚት የሌላቸው ናቸው።

«ማጽዳት» የሚለው ቃል ራሱ እኔን ያስፈራኛል። ቤት ስናጸዳ ቆሻሻውንና ዕቃውን በዓይን እንለያለን። በዲስክ ላይ ግን ቆሻሻና መዝገብ አንድ ዓይነት ልብስ ነው የሚለብሱት።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ተማሪዎች ትእዛዙን በቃል ይዛችሁ ምክንያቱን ሳታውቁ እንዳትቀሩ ትንሽ ታገሡኝ።

ዩኒክስ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ በ1970ዎቹ መባቻ እ.ኤ.አ. ሲሠራ ፈቃድን በጥቂት ምልክቶች ጨረሰው፦ ባለቤቱ፣ ቡድኑ፣ የቀረው ሕዝብ፤ ለእያንዳንዳቸው ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማስኬድ። ዘጠኝ ምልክት ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1993 ዊንዶውስ ኤንቲ ከኤንቲኤፍኤስ ጋር ሲወጣ ሌላ መንገድ ያዘ። በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ዝርዝር ይለጠፋል፤ በዝርዝሩ ላይ ማን ምን ማድረግ እንደሚችል፣ ማንስ እንደተከለከለ በተራ ይጻፋል። ከዝርዝሩ በላይ ደግሞ የባለቤቱ መለያ ይሰፍራል።

ይሁንና በዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው ስም አይደለም፤ ቁጥር ነው። ለምሳሌ በኤስ-1-5-21 የሚጀምር፣ ቀጥሎ ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ የተፈጠሩ ሦስት ረጃጅም ቁጥሮችን የያዘ፣ በመጨረሻም የሰውየውን ተራ ቁጥር የሚያስከትል ነው። ለሰዎች የሚሰጠው ይህ የመጨረሻ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከ1000 ጀምሮ ይቆጠራል፤ 500 ግን ከማሽኑ ጋር ለሚወለደው አስተዳዳሪ የተጠበቀ ነው። ቁጥሩን ወደ ስም የሚመልሰው መዝገብ የሚገኘው በዚያው በአሮጌው ሥርዓት ውስጥ ነው። ዲስኩን አውጥታችሁ ከሌላ ማሽን ጋር ስታገናኙት ይህን መዝገብ የሚያነብ የለም። ስለዚህ ባለቤቱን ስትጠይቁ «ያልታወቀ መለያ» የሚል ምላሽና ያን ረጅም ቁጥር ታያላችሁ። በሌላ ማሽን ላይ በተመሳሳይ ስምና በተመሳሳይ የይለፍ ቃል ተጠቃሚ ብትፈጥሩ እንኳ አይጠቅምም፤ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ቁጥሩ ሌላ ነውና።

ታዲያ አንዳንዱ ፎልደር ያለ ችግር ሲከፈት ሌላው ለምን ይዘጋል? አንዳንድ ቁጥሮች በዓለም ላይ ባለ በማንኛውም ዊንዶውስ አንድ ስለሆኑ ነው። ኤስ-1-5-32-544 የአስተዳዳሪዎች ቡድን ነው፤ አዋሽም ቢሆን ሰመራም ቢሆን አዲስ አበባም ቢሆን አይለወጥም። በአሮጌው ዲስክ ላይ ለአስተዳዳሪዎች የተፈቀደ ነገር ለእናንተም አስተዳዳሪዎች የተፈቀደ ይሆናል። የሚዘጋባችሁ አስተዳዳሪው ከዝርዝሩ የወጣበት ወይም ፈቃዱ ለአንድ የተለየ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። በኤንቲኤፍኤስ ሕግ የፋይል ባለቤት በዝርዝሩ ላይ ምንም ፈቃድ ባይኖረው እንኳ ዝርዝሩን የማንበብና የመለወጥ መብት አለው። ባለቤት ፋይሉን ላያነብ ይችላል፤ ለራሱ የማንበብ ፈቃድ ከመስጠት ግን የሚያግደው የለም። አስተዳዳሪ ደግሞ ባለቤትነትን የመውሰድ ልዩ ሥልጣን ተሰጥቶታል። ሥራው በሁለት ደረጃ የሚፈጸመው ለዚህ ነው። መጀመሪያ በአስተዳዳሪ ሥልጣን በተከፈተ የትእዛዝ መስኮት ቴክኦውን የተባለውን ትእዛዝ ተጠቅማችሁ ባለቤትነቱን ትወስዳላችሁ፤ ከዚያ አይካክልስ በተባለው ትእዛዝ ለራሳችሁ ወይም ለአስተዳዳሪዎች ቡድን ሙሉ ፈቃድ ትጽፋላችሁ። የመጀመሪያውን ብቻ አድርገው «ባለቤት ሆኜ እንኳ ይከለክለኛል» ብለው የሚያማርሩ ተማሪዎች በየዓመቱ አሉ። ባለቤትነትና ፈቃድ ሁለት ነገር ናቸው።

ባለቤትነቱን ለራሳችሁ መለያ ሳይሆን ለአስተዳዳሪዎች ቡድን እንድትሰጡ እመክራለሁ። ቴክኦውን ለዚህ የሚሆን ምርጫ አለው። አለበለዚያ ነገ እናንተ ተመርቃችሁ ስትሄዱ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው የእናንተን ቁጥር «ያልታወቀ መለያ» ብሎ ያነባል፤ ችግሩን ፈታን ብለን ለሚቀጥለው ሰው እናወርሰዋለን። አቃፊውን በመዳፊት ስትነኩት ብቅ የሚለውና «ለዘለቄታው ለመግባት ቀጥል የሚለውን ይጫኑ» የሚለው መልእክትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የእናንተን መለያ በዝርዝሩ ላይ በቋሚነት ይጽፋል። ሳያስቡ የሚጫኑት ቁልፍ አይደለም።

አይካክልስ የነበረውን ዝርዝር ወደ አንድ ፋይል የማስቀመጥ ችሎታ አለው፤ ከመንካታችሁ በፊት አስቀምጡት። ነገር ግን የሚያስቀምጠው የፈቃዱን ዝርዝር እንጂ የባለቤቱን ቁጥር አይደለም፤ የባለቤቱን ለብቻ መዝግቡ። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ትርፍ ሥራ አይደለም። ከመቶ ሺህ ፋይል ላይ ፈቃድ በሚለወጥበት መካከል ኤሌክትሪክ ቢጠፋ፣ ግማሹ የአሮጌው ሰው ግማሹ የአዲሱ ሆኖ የሚቀር፣ የትኛው የማን እንደነበረ የማይለይ ዲስክ ይተርፋችኋል።

በዊንዶውስ 7 ዲስኮች ላይ ሌላ ባለቤት ይገጥማችኋል፤ ስሙ ትረስትድ ኢንስቶለር ይባላል። ከቪስታ ጀምሮ የሥርዓቱን ፋይሎች በባለቤትነት የያዘው ሰው ሳይሆን ይህ አገልግሎት ነው፤ አስተዳዳሪው እንኳ የማንበብ እንጂ የመሰረዝ ፈቃድ የለውም። ተማሪዎች ይህን ፎልደር ለመሰረዝ ቀኑን ሙሉ ሲታገሉ አይቻለሁ። እንደ እኔ ከሆነ ትግሉ ከንቱ ነው። የዊንዶውስን ፎልደር ለማጥፋት ምርጡ መንገድ አለማጥፋት ነው፦ የሚፈለገውን አውጡ፣ መውጣቱን አረጋግጡ፣ ክፍልፋዩን እንዳለ ፎርማት አድርጉ። ደቂቃ አይፈጅም። በፋይል በፋይል መታገል የሚያስፈልገው ክፍልፋዩ ሳይነካ መቆየት ያለበት እንደሆነ ብቻ ነው።

አንድ አደጋ ግን ቆም ብዬ ልናገር፤ ብዙ መመሪያዎች አይጠቅሱትም። ከቪስታ በኋላ ባሉት ሥርዓቶች «ዶክዩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» የሚባል ፎልደር ታያላችሁ፤ ልትከፍቱት ስትሞክሩ ይከለክላችኋል። ይህ ፎልደር አይደለም። ለድሮ ፕሮግራሞች ሲባል የተቀመጠ፣ ወደ «ዩዘርስ» የሚያሻግር ድልድይ ነው። ክልከላውም ሆን ተብሎ የተጻፈ ነው፤ ማንም ይዘቱን እንዳይዘረዝር። አሁን ልብ በሉ፦ ድልድዩ የሚያመለክተው አድራሻ ሙሉ አድራሻ ነው፤ «ሲ ድራይቭ፣ ዩዘርስ» ብሎ ይጽፋል። አሮጌውን ዲስክ ከእናንተ ማሽን ጋር ስታገናኙት እሱ «ኢ» ይባላል፤ ድልድዩ ግን አሁንም ወደ «ሲ» ነው የሚመራው። «ሲ» ደግሞ የእናንተው የሚሠራ ማሽን ነው! ክልከላውን በጉልበት አንሥቶ ድልድዩን ተከትሎ የሚሰርዝ ወይም ፈቃድ የሚለውጥ መሣሪያ የአዋሹን ዲስክ አጸዳለሁ ብሎ የሰመራውን ኮምፒውተር ሊያበላሽ ይችላል። እዚህ ላይ «መዳረሻ ተከልክሏል» የሚለው ቃል የሚጠብቀው እናንተን ራሳችሁን ነው።

ሁሉም ክልከላ ከፈቃድ የሚመጣ አይደለም። ሌላ ፕሮግራም የያዘው ፋይል አይሰረዝም። ዊንዶውስ በሙሉ ሳይዘጋ እንቅልፍ ላይ እያለ ዲስኩ ከወጣ፣ ሊኑክስ ለደኅንነት ሲል ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል፤ መጻፍና መሰረዝ አይቻልም። በሙቀትና በመብራት መቆራረጥ የተጎዳ ዲስክ ማውጫው ተበላሽቶ ስሙ የሚታይ ሆኖ የማይከፈት ፋይል ያሳያል። በሰመራ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አቧራ የጠጣ የኮምፒውተር ሳጥን ውስጥ ምን ያህል እንደሚሆን ገምቱ። እንዲህ ያለውን ዲስክ ቼክዲስክ በተባለው መሣሪያ ለመጠገን ከመሞከር በፊት ሙሉ ቅጂውን ማንሣት ይገባል፤ ጥገናው በዲስኩ ላይ ስለሚጽፍ የቀረውንም ሊወስድ ይችላል።

የእኛን ቋንቋ የሚመለከት ምክንያትም አለ። በመሥሪያ ቤቶቻችን የፋይል ስም ማለት የደብዳቤው ጉዳይ እንዳለ ማለት ነው፦ «የ2003 በጀት ዓመት የሁለተኛ ሩብ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት የተሻሻለ የመጨረሻ የመጨረሻ»። (ሳቅ) ዊንዶውስ እስከ 255 ፊደል የሚደርስ ስም ይቀበላል። በሊኑክስ የተለመደው ኤክስት4 የሚቆጥረው ግን ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ ወሰኑም 255 ባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ስም ከ85 ፊደል በላይ ሲሆን ወደ ሊኑክስ ዲስክ አይቀዳም። መሣሪያው ስሕተቱን በአንዲት መስመር ተናግሮ ያልፋል፤ ሰው ያን መስመር ካላነበበ ሁሉም ተቀድቷል ብሎ ያምናል፣ ዋናውን ፎርማት ያደርጋል። ቅጂው ሲያልቅ የፋይሎቹን ብዛት አወዳድሩ የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ሊኑክስ ከተነሣ፦ ዲስኩን ከፍላሽ በተነሣ ሊኑክስ ብትከፍቱት የዊንዶውስ ክልከላ አብዛኛውን ጊዜ እንደሌለ ይሆናል። ሁሉም ይነበባል። ብዙዎች ይህን እንደ ብልሃት ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን እንደ ማስረጃ ነው የማየው። ፈቃድ ዲስኩ ላይ የተጻፈ ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉን የሚያከብረው ሥርዓተ ክወናው ነው። ሌላ ሥርዓት ቢመጣና ባያከብረው ማስገደጃ የለም። ተጠቃሚዎቻችን «ቆልፌዋለሁ» ሲሉ የሚያስቡት ቁልፍ ከኮምፒውተሩ ውጭ ዋጋ የለውም።

ሊኑክስ የተጫነባቸው አሮጌ ዲስኮችም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። እዚያም ባለቤት ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ አጭርና የተለመደ ነው፤ በብዙ ሥርጭቶች የመጀመሪያው ተጠቃሚ 1000፣ ሁለተኛው 1001 ይባላል። ዊንዶውስ የማያውቀውን ባለቤት «ያልታወቀ» ይላል። ሊኑክስ ግን የአሮጌውን ማሽን 1001ኛ ሰው የእናንተ ማሽን 1001ኛ ሰው አድርጎ ያቀርበዋል። የማታውቁት ሰው ደብዳቤ የጓደኛችሁ ደብዳቤ ሆኖ ይታያል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብትሉኝ አላውቅም ማለት ሐሰት ከመናገር ይሻላል። ደግሞም በዩኒክስ ዘር ፋይልን ለመሰረዝ የሚጠየቀው የፋይሉ ፈቃድ ሳይሆን የያዘው ፎልደር ፈቃድ ነው፤ ስሙን ከፎልደሩ መዝገብ መፋቅ ነውና። ይህን ያልተረዳ ሰው ፋይሉን «ለሁሉም የተፈቀደ» እያደረገ አሁንም ለምን አልሰረዝም ብሎ ሲገረም ይውላል።

ወደ ዐሥራ አንዱ ዲስኮች ልመለስ። የመረጥነው መንገድ ባለቤትነትን መውሰድ አልነበረም። በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ዲስክ ሙሉ ምስል አነሣን፤ ደካማ ለሆኑት ዲዲ-ሬስኪዩ የተባለውን የግኑ መሣሪያ ተጠቀምን፤ እሱ የሚነበበውን አስቀድሞ ወስዶ የታመመውን ስፍራ በኋላ ደጋግሞ ይሞክራል። ሥራውን ያካሄድነው በሌሊትና በማለዳ ነበር፤ ዲስኮቹ ቀዝቀዝ ሲል ይሻላቸዋል። ቀጥሎ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ሮቦኮፒን በመጠባበቂያ ሁነታ አሠራን። ብዙ ሰው ይህን ሁነታ አያውቀውም። አስተዳዳሪ መጠባበቂያ ለማንሣት ሲባል የፈቃዱን ዝርዝር ሳይጠየቅ የማንበብ ሥልጣን አለው፤ ሮቦኮፒ ይህን ሥልጣን ሲጠቀም በዋናው ዲስክ ላይ አንዲት ነጥብ አይለወጥም። ባለቤቱ ባለቤት እንደሆነ፣ ክልከላውም ክልከላ እንደሆነ ይቆያል። የቤተ መዛግብት ሰዎች ሰነድ የመጣበትን ቅደም ተከተል አትንኩ ይላሉ፤ ይህ በዲስክ ቋንቋ ያው ነው።

ነገር ግን ማንበብ መቻል ማንበብ ይገባል ማለት አይደለም። ከኤክስፒዎቹ በአንዱ ላይ የአንድ ሠራተኛ ፎልደር «የግል» ተብሎ ተዘግቶ ነበር። በኤክስፒ ዘመን ይህን ምርጫ መጫን አስተዳዳሪዎችን ከዝርዝሩ ያስወጣ ነበር። በቴክኒክ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ተማሪዎቹ ሊከፍቱት ሲሉ አቆምኳቸውና ለመሥሪያ ቤቱ ደወልን። በጡረታ የተሰናበቱ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ስልክ ሰጡን። እኚህ አዛውንት የዲስኩን ነገር ስንነግራቸው ገና ሳንጨርስ፣ «ልጄ፣ እሱ እኮ የእኔ አይደለም፤ የሠራተኞቹ ነው። ሰው እንዳይነካካብኝ ብዬ ነው የዘጋሁት» አሉኝ። «አባባ፣ ልንከፍተው ይፈቅዱልናል?» ብላቸው፣ «እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የምፈቅደው እኔ አይደለሁም። ከቢሮው ደብዳቤ አምጡ» አሉ። ስለ ዲስክ ፈቃድ ከዚህ የጠራ ትምህርት ከመጽሐፍ አላገኘሁም። ማሽኑ እሳቸውን ባለቤት ብሎ ይጠራል፤ እሳቸው ግን ጠባቂ እንጂ ባለቤት እንዳልነበሩ ያውቃሉ።

ደብዳቤው በሳምንቱ መጣ፤ ከፈትነው። ውስጡ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተጻፉ የአገልግሎት ዘመን ማረጋገጫ ደብዳቤዎች ነበሩ፦ የዘበኞች፣ የሾፌሮች፣ የጤና ረዳቶች። የወረቀት ቅጂያቸው በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የለም። ጡረታ ለሚጠይቅ ሰው ወይም ለሟች ባለቤት ያ ደብዳቤ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ አዳራሽ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በዚያው ዲስክ ላይ «ጸድቶ ይመለስ» የሚል ትእዛዝ ነበረን።

ፋይሎቹ ተከፈቱ፤ ነገር ግን አልተነበቡም። በገጹ ላይ የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ የራሱን የአማርኛ ፊደል ይዞ የመጣው ደግሞ ኒያላ በተባለው ፎንት ከቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት መሥሪያ ቤቶቻችን የጻፉት በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቻቸው ነበር። እነዚህ የቀድሞ አጻጻፎች የግዕዙን ቅርጽ በላቲኑ ቁጥር ላይ ያስቀምጡታል፤ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ትርጉም የለውም። ፎንቱ የት ነው ያለው? በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ «ፎንትስ» በተባለው ንዑስ ፎልደር፤ እኛ «የሥርዓት ፋይል ነው፣ ይጥፋ» ብለን ከምንዘረዝረው መካከል። ከዚያው ዲስክ ፎንቶቹን ስናወጣ ደብዳቤዎቹ ተነበቡ። እንግዲህ በአገራችን አሮጌ ዲስክ ላይ «ሥርዓት» እና «ሰነድ» ብሎ መለየት አያዋጣም፤ ሥርዓቱ የሰነዱ ግማሽ ነው።

በዚህ ረገድ የአፋርኛው ሰነድ ዕድለኛ ነው። ቃፋር ፌራ በላቲን ፊደል፣ ያለ ተጨማሪ ነጥብና ጭረት የሚጻፍ ስለሆነ፣ ረጅሙን ድምፅም ፊደሉን በመድገም ስለሚያሳይ፣ በየትኛውም የድሮ ማሽን ተጽፎ በየትኛውም አዲስ ማሽን ሳይበላሽ ይነበባል። ከእነዚያው ዲስኮች የወጡት የአፋርኛ ማስታወቂያዎች አንዳቸውም ሳይጎድሉ ወጥተዋል። ፊደሉን የቀረጹት ዲሚስና ሬዶ ስለ ኮምፒውተር ዲስክ ያስቡ ነበር ለማለት አይደለም፤ ግን ጠቅሟል።

አሁን ደግሞ በእውነት ስለተዘጋው። ባለቤትነት መውሰድ የማይከፍተው ነገር አለ፤ እሱም ምስጠራ ነው። በኤንቲኤፍኤስ ላይ ኢኤፍኤስ የሚባል ፋይልን በተናጠል የሚመሰጥር ዘዴ አለ፤ ስሙ በአረንጓዴ ቀለም ይታያል። ፈቃዱን ብትለውጡም፣ በሊኑክስ ብትከፍቱትም የምታገኙት ትርጉም የለሽ ባይት ነው። መክፈቻው በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ የተደበቀ የግል ቁልፍ ነው፤ ያ ቁልፍ ደግሞ በይለፍ ቃሉ ተጠብቋል። ሁለት ነገር እንዳታደርጉ እለምናችኋለሁ፦ የተጠቃሚውን ፎልደር ቦታ ይዟል ብላችሁ አትሰርዙ፣ የይለፍ ቃሉንም በአስተዳዳሪ ሥልጣን በጉልበት አትቀይሩ። የመጀመሪያው ቁልፉን ያጠፋል፣ ሁለተኛው የቁልፉን ሳጥን ይዘጋል።

በመሥሪያ ቤቶቻችን ሰው ሥራ ሲለቅ ክሊራንስ ያዞራል። ወንበሩ፣ ላፕቶፑ፣ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰው መጽሐፍ፣ ከገንዘብ ቤት ያለበት ዕዳ ይጠየቃል። ባየኋቸው ቅጾች ላይ ግን «በስምህ የተዘጉ ፋይሎች አሉ ወይ? የመክፈቻ ቁልፋቸውን ለማን አስረከብህ?» የሚል መስመር አላየሁም። አንዲት መስመር ናት። እሷ ብትኖር ዛሬ የነገርኳችሁ ችግር አብዛኛው ባልተፈጠረ ነበር። አዋሽን የወለዳት የባቡር ሐዲድ ነው፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የድርጅቱ ወረቀት ለረጅም ዘመን በፈረንሳይኛ ሲጻፍ ኖረ። ቋንቋውን የሚያውቁት ሰዎች ሲሄዱ ወረቀቱ እያለ ማንበቢያው ጎደለ። የይለፍ ቃልም እንደዚያው ነው።

በመጨረሻ ስለ መመለሱ። ዲስኮቹ ለሌላ አገልግሎት ይውሉ ዘንድ ከላያቸው ያለው መጥፋት አለበት፤ እዚህ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይገጥመናል። ቅድም እንዳይጠፋ የተጨነቅንለት መረጃ አሁን በቀላሉ አይጠፋም። መሰረዝ ስሙን ከማውጫው ይፍቃል እንጂ ይዘቱን አይነካም፤ ፈጣኑ ፎርማትም እንዲሁ ነው። ለሚሽከረከር ዲስክ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ በዜሮ መጻፍ በቂ ነው፤ ሰባት ጊዜና ሠላሳ አምስት ጊዜ የሚለው ልማድ ለዛሬ ዲስኮች ትርፍ ድካም ነው። ለኤስኤስዲ ግን በላዩ መጻፍ አያስተማምንም፤ መሣሪያው ራሱ ገጾቹን እያዘዋወረ ስለሚጽፍ፣ ከአምራቹ የተሰጠውን የማጥፊያ ትእዛዝ መጠቀም ያስፈልጋል። አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ካወጣች ወዲህ ይህ የጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው። የጤና ረዳቷ የደመወዝ ደብዳቤ ከነስሟ በሁለተኛ እጅ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ሊገኝ አይገባም።

ከዐሥራ አንዱ ዲስኮች ዘጠኙ ይዘታቸው ተቀድቶ፣ ቅጂው በሁለት ቦታ ተቀምጦ፣ ተጠርገው ወደ አዋሽ ተመልሰዋል። አንዱ መንቀሳቀሱን አቁሟል፤ ምስሉ ግን ከመሞቱ በፊት ተነሥቷል። የቀረው አንዱ አረንጓዴ ስም ያላቸው 46 ፋይሎች አሉበት። የመለያው ባለቤት ከመሥሪያ ቤቱ የለቀቀ ወጣት ነው፤ ሥራ ፍለጋ ወደ ጅቡቲ እንደሄደ ሰምተናል፤ ቢሮው በዘመዶቹ በኩል እያፈላለገው ነው። ያ ዲስክ በቤተ ሙከራችን መሳቢያ ውስጥ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ሳይነካ ተቀምጧል።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።